ከሰባት ቤት ወዲያ

ዓሣ መሆን ነበር የኔማ ምኞቴ፣
በቆርኪ ቅርፊቶች አጊጦ ደረቴ።
ቲቸር የዝና ግን ዝርዝሯን ዘርግታ፣
«አንተ ጊዜ ነህ» አለች፣ ቀና ብላ አይታ።
ቃል የለኝ፣ ጭራ የለኝ፣ ክንፍ የለኝ፣ ጭንብል፤
ከጥግ እስከ ጥግ መሄድ ብቻ፦ «ቀስ በል! አሁንም ቀስ በል!»
ከጀርባዬ ዓለም ሲለወጥ፣ ሲፈላ፣
ዞሬ እንዳላይ ታዝዤ ወደ ኋላ።

«ይህ መድረክ» ትለኛለች «ከዳር እስከ ዳሩ
ዕድሜ ነው፤ የሕይወት፣ የየብስ፣ የባሕሩ።
ፋሲል ግንቡን ሲሠራ፣ የት ጋ ነው ሰዓቱ?
መጨረሻ ስትረግጥ፣ የአውራ ጣትህ ጥፍር፣ የጥፍርህ ጫፊቱ።»
ጥፍሬን አየሁት።
ጭቃ ነበረበት።

የምንለማመደው አዘዞ፣ ከላብራቶሪው ጓሮ።
ባሕራችን ሸራ ነው፣ ከአይሱዙ ላይ ወርዶ፤
ዓሦቹን አስነጠሳቸው የትናንት በርበሬ ነዶ።
አዛናው ደባርቅ ነው ያደገ፤ ጭላዳን እሱ ያውቃል፦
በቂጡ እየተንፏቀቀ፣
እንደ ባንክ ቤት ገንዘብ ቆጣሪ ሣሩን በጣቱ ይለቅማል፤
እህቱ የሰፋችለት ቀይ ከፋይ ደረቱ ላይ ይንቦገቦጋል።
ከውሃ መጀመሪያ የምትወጣው ውባለም፣
በክርኗ ስትሳብ ሲሚንቶው ላይ፣ ሳቅ የለም፤
ሁሌ እዚያ ጋ ዝም እንላለን፤ ለምን እንደሆነ አናውቅም፤
አንዲት ትንፋሽ ለመሳብ፣ ያን ያህል መድከም።

የወላጆች ቀን ደረሰ። ወንበር አልበቃም፤ ሰው ቆሟል።
የውባለም አያት፣ አያ ይርዳው፣ ከፊት ተቀምጠዋል፦
የደምቢያ ሰው፣ በርስት ሙግት የታወቁ፣
በዘር ቆጠራ ስንቱን ዳኛ ያስደነቁ።

ዓሣው ገና አንገቱን ከሸራው ብቅ ሲያደርግ
መብራት ሄደ።

«ቁም» ያለኝ የለም።
መብራት ሲሄድ ጊዜ ይቁም አይቁም
ልምምድ ላይ አልተነሣም።
ሄድኩ።
ከኋላዬ ቆርኪ ተንኮሻኮሸ፣ ሸራው ተጎተተ፣
አንዱ አነጠሰ፣ አንዱ ቃተተ፣
ክርን ሲሚንቶ ላይ ተፋተገ፣ ከዚያ ቆመ፤
ቀጥሎ የመጣው ኮቴ ነው፣ እርጥብ እግር የተራመደ የመሰለ።

የሞባይል ባትሪ ካንድ፣ ከሁለት፣ ከአሥር ወንበር ሲበራ
(በኋላ ነው የነገሩኝ) ዓሣ የለም፤
አንድ ነገር በአራት እግሩ ቆሞ ያያል ግራና ቀኝ በየተራ።
«የቱ ጋ ነው ዓሣነቱ ያለቀ?»
አንድ ሕፃን ከእናቱ ጭን ጠየቀ።
ማን ይመልስ? እኔ እንኳ፣ ጊዜ ራሴ፣
አልዞርኩም።

ጭብጨባው ሲበርድ አያ ይርዳው ወለሉን በከዘራ መቱት፤
«ይህች ልጅ የልጄ ልጅ ናት። እስከ ሰባት ቤት
እኔ እቆጥርላታለሁ፤ መካከሉ ላይ ዝንጀሮ የለበት!»
ቆጠሩም፣ ጣታቸውን እያጠፉ፦
አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣
ምንጅላት፣ እንጅላት፣
ፍናጅ፣
ቅናጅ።

እያንዳንዱን በስሙ ጠሩት። አንድ አልሳቱም፤
ሁለቱ ደጃዝማች ነበሩ፣ አንዱ ሽፍታ፣ አልደበቁም።

ቲቸር የዝና ዝቅ ብላ እጅ ነሣች።
«ከዚያስ አያ?» አለች።
«ከዚያ ወዲያማ ባዳ ነው፤ ይጋባል፤ ምን ይቆጠራል?»
«ባዳውስ» አለች፣ ድምፅዋ ለራሷ የምትጠይቅ ይመስላል፣
«ባዳውስ አባት የለውም?»

አዳራሹ ጸጥ አለ። አያ ይርዳው የታጠፈ ጣታቸውን አዩ፤
አልዘረጉትም፣ አልጨመሩም።
እንደ ስንኝ ነበረ ያ ዝምታ፣
ተጀምሮ የቀረ፣ ቤት ሳይመታ።

ሲወጡ በሩ ላይ እጄን ያዙኝ።
«ጊዜ ነኝ ያልከው አንተ ነህ?» አሉኝ።
«አዎ አያ።»
ከጨለማው ማዶ ወደ ደምቢያ
ቁልቁል አዩ፤ ረጅም ጊዜ።
አዛናው ከፋዩን አጣጥፎ በብብቱ ይዞ አለፈ፤
አንድ ባጃጅ መጣ፣ አለፈ።
ከዚያ ክንዴን ለቀው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው፣

«ቸኮልክ» አሉኝ።